ቀንዱ መጨረሻ ይውጣ

ባለፈው ቅዳሜ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር አንድ ልኳንዳ ቤት ቁጭ ብለን ቁርጥ እየበላን ነበር። (ጾም አልነበረም፤ እንዳትጠረጥሩን።) አንደኛው ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶግራፍ አሳየን። ፎቶው ላይ የተንበረከከ ፈረንጅ አለ። ከፊቱ አንድ ወንድ የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ የምንለው ማለት ነው፣ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ የተኛ መስሎ ተቀምጧል። ፈረንጁ ጥምዝምዝ ቀንዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ፈገግ ብሏል።

«ይኼ ነገር መታገድ አለበት!» አለ የስልኩ ባለቤት የጎረሰውን ሳይውጥ። «በዓለም ላይ ሌላ የትም የሌለ እንስሳ ለአንድ ሀብታም የሳሎን ጌጥ ይሁን?»

«ምን ያንጨረጭርሃል?» አለ ሁለተኛው። «ሰውዬው የሚከፍለው ዶላር ነው። የሚገደለው ደግሞ ያረጀ ወንድ ነው። ዛሬ ጥይት ባይጥለው ነገ ጅብ ይጥለዋል።»

ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ስለ ተፈጥሮ፣ ሌላው ስለ ውጭ ምንዛሪ ያወራል። እኔ መሀል ገባሁና «ለመሆኑ ሥጋውስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የምን ሥጋ?» አሉኝ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ ከአንድ ሽንጥ እየቆረጡ።

ጎበዝ! ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሥጋ ነው።

ኒያላን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሲጋራ ፓኮና ከኢንሹራንስ ማስታወቂያ ነው። ሳንቲም የቆጠረ ሰው ደግሞ በአሥር ሳንቲም ላይ አይቶታል። እንስሳው ግን ከሳንቲም በላይ ነው። የሚኖረው በባሌና በአርሲ ደጋ፣ ባጠቃላይ ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ከፍተኛ ቦታዎቻችን ብቻ ነው። ትልቅ ወንድ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ቀንዱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ የተመዘገበ ነው።

የአገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የፈረንጅ ሳይንስ ግን ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ አገሩ ከላከው ቆዳና ቀንድ ተነሥቶ፣ ሪቻርድ ላይደከር የተባለ ሊቅ በ1910 በሳይንስ ስም ሰየመው። ስሙንም በበክስተን ስም አወጣለት። ያንን ቆዳና ቀንድ ከተራራ ያወረዱት ሰዎች ግን እነማን ይሆኑ? ስማቸውን የጻፈ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነው፤ ስም ለተኳሹ፣ ሸክም ለሌላው።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ በአንድ የአደን ካምፕ በአስተርጓሚነት የተቀጠረ የአክስቴን ልጅ ተከትዬ ወደ አርሲ ደጋ ሄጄ ነበር። ሕገ ወጥ አደን አልነበረም። ፈቃድ ያለው፣ ክፍያ የተከፈለበት፣ በተከለለ ቀጣና ውስጥ የሚካሄድ አደን ነው። አምስት ቀን ሙሉ ጥዱንና ኮሶውን፣ አስታውንና ገደሉን ስንወጣ ስንወርድ ቆየን። በአምስተኛው ቀን ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ጥይት ጮኸ። አጋዘኑ ከአንድ ቁልቁለት ሥር ወደቀ።

ከመንደሩ በቅሏቸውን ይዘው ለሸክም የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እንስሳው ገና ይተነፍሳል። ሽማግሌው ቢላዋቸውን መዝዘው «ቢስሚላህ» እያሉ ሮጡ። መሪ አዳኙ ክንዳቸውን ይዞ መለሳቸው። ለምን መሰላችሁ? የአንገቱ ቆዳ እንዳይቆረጥ! ቆዳው ከነጭንቅላቱ ተሞልቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላላ። አጋዘኑ ቢላዋ ሳይነካው ሞተ። በዚያች ደቂቃ ሥጋው ለመንደሩ በክት ሆነ። አንድ ሙሉ ቀዬ ሊመገበው የሚችል ሥጋ ለአንድ ግድግዳ ሲባል በክት ሆነ!

ቀጥሎ ፎቶ መጣ። ፎቶው ብቻ ሦስት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ልጆቹ ለመጠጥ በተሸከሙት ውሃ ደሙ ታጠበ። የተጎለጎለው ምላስ ወደ አፍ ተመለሰ። ፊት ለፊት ያለው ሣር ታጨደ። እግሩ ታጠፈ። ከዚያ ገፋፊዎቹ ቀረቡ። እጃቸው ይባረክ፤ የዓይኑን ቆብ፣ ከንፈሩንና ጆሮውን ሳይቀዱ ቆዳውን ከጭንቅላቱ ሲያላቅቁ ያየ ሰው ያደንቃል። ቆዳው በጨው ታሽቶ ከረጢት ውስጥ ገባ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሆዱ አልተከፈተም። እየተነፋ፣ እየተነፋ፣ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

መሸ። መንገዱ ገደል ነው፤ መኪናው የቆመው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው። በቅሎዋ የመጣችው ለሥጋ ነበር፤ ቀንድና ቆዳ ተጭና ወረደች። ከሥጋው ለካምፑ እራት አንድ ታፋና አንድ ሽንጥ ተቆረጠ። የቀረው ቅጠል ለበሰ፤ «ነገ እንመለሳለን» ተባለ። ነገ ስንመለስ ጅቡ ቀድሞናል፤ አሞራው የተረፈውን እያጣራ ነው።

ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ሰው ርቦት ነው እንዴ የመጣው?» አሉኝ።

«አይ፣ አባባ፣ አልራበውም።»

«እንስሳው እርሻውን በልቶበታል?»

«የለም።»

«እንግዲያ የእኔ በሬ እንኳ ገደል ቢገባ እንዲህ አላደርገውም። ጎረቤት ጠርቼ፣ ወዲያው አርጄ፣ ገፍፌ፣ በመደብ በመደብ አከፋፍላለሁ። ገዢው ብር ይሰጠኛል፤ እኔም በሬ ለመተካት እፍጨረጨራለሁ። ሥጋ እንዴት ሜዳ ላይ ያድራል?» አሉና በቅሏቸውን እየሳቡ ሄዱ። የዕለቱ ሒሳባቸው ተከፍሏቸዋል። መጠኑን ብነግራችሁ ባለፈው ቅዳሜ እኛ ከበላነው ቁርጥ ያንሳል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ምን ይደረግ? ሥጋው ከገደል ካልወጣ ምን ይሁን?» ማለቱ አይቀርም። ሥጋ የሚበላሸው በዕድል አይደለም፤ በአሠራር ነው። ማንኛውንም ሥራ አዋቂ አራጅ ጠይቁት። የሞተ እንስሳ ወዲያው አይቀዘቅዝም። ወፍራሙ ቆዳ ሙቀቱን ያፍነዋል። ጨጓራው ውስጥ ያለው ፈርስ መብላላቱን አያቆምም፤ ሆዱን የሚነፋው እሱ ነው። ሥጋው መጀመሪያ የሚገማው ደግሞ ጥልቁ ቦታ ላይ፣ ታፋው ከዳሌ አጥንት ጋር በሚገናኝበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሆድ ዕቃው አንጀቱና ፊኛው ሳይበሳ፣ ሐሞቱም ሳይፈስ ይዘረገፋል። ቀጥሎ ቆዳው ይገፈፋል። ከዚያ ብልቱ እየወጣ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። የአርሲና የባሌ ደጋ ሌሊት ብርዱ እንደ ማቀዝቀዣ ነው፤ የተሰቀለ ሥጋ ያለ ችግር ያድራል።

ሸክሙም ቢሆን ሒሳብ ነው። ከ300 ኪሎ ላይ ጭንቅላቱ፣ ቆዳው፣ ሆድ ዕቃውና እግሩ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ይቀራል። 150 ኪሎ በሉት። በገደል ለአንድ ሰው 25 ኪሎ ብታሸክሙት ስድስት ሰው ነው። ሁለት በቅሎ ካላችሁ ደግሞ ሰዉ በቅሎ ከመምራት በቀር ሥራ የለውም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ድረስ ጠመንጃ ጭኖ የመጣ ሰው ሁለተኛ በቅሎ መከራየት አቃተው ብትሉኝ አላምናችሁም።

ደግሞስ እኛ በዚህ ሥራ ጀማሪዎች ነን እንዴ? በሬ ጥለን ሽንጡን ከዳቢቱ፣ ታላቁን ከታናሹ፣ ጎድኑን ከፍሪምባው ሳናቀላቅል ብልት የምናወጣ ሕዝብ ነን። በቅርጫ ጊዜ የአንዱ መደብ ከሌላው በአንዲት ሙዳ እንዳይበልጥ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀን፣ በመጨረሻም ዕጣ የምንጥል ሰዎች ነን። የተረፈውን ዘልዝለን፣ ጨውና በርበሬ አሽተን፣ ቋንጣ አድርገን ለወር የምናቆይ ነን። ጾም ሆነብን ብለን እንኳ ሥጋ አንጥልም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሥርዓት የደጋው አጋዘን ጋ ሲደርስ የት ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡኝን መልሶች ሰብስቤያለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ክፍያው ለመንግሥት ይገባል» ይላሉ። እውነት ነው። ለአንድ ኒያላ የሚከፈለው ብቻ ለብዙ ዓመታት 15 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ የካምፑና የአስጎብኚው ወጪ ሌላ ነው። ገንዘቡም በፌዴራልና በክልል ይከፋፈላል። ግን ዶላር ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ ተራራ ሲመለስ ስንት በር እንደሚያንኳኳ እናንተም ታውቃላችሁ። ሥጋ ግን በር አያንኳኳም። እዚያው ተራራው ላይ ነው ያለው፤ የሚፈልገው ቢላዋና ትከሻ ብቻ ነው። መንደርተኛው ከጫካው ጥቅም ማግኘቱን በዓይኑ የሚያየው በባንክ ደረሰኝ አይደለም፤ በድስቱ ነው።

«ሥጋውማ ይሰጣል» የሚሉም አሉ። አዎ፣ አንዳንድ ቦታ ይሰጥ ይሆናል። ችግሩ «ይሰጣል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ደግ አዳኝ ሲመጣ ይሰጣል፤ ችኩል ሲመጣ ለጅብ ይተዋል። ሰጪው ደስ ሲለው የሚሰጠው ነገር ምጽዋት ነው። እኔ የማወራው ስለ ድርሻ ነው። ድርሻ ደግሞ በወረቀት ይጻፋል።

«ሰዉ የዱር ሥጋ ከለመደ ሌባ አዳኝ ይሆናል» የሚል ሦስተኛ መልስ አለ። ይኼኛው ጠንከር ይላል፤ አልንቀውም። ግን አስቡት። በሕግ የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው፤ ይሁንም። እንግዲያው ሥጋው ከወረቀት ጋር ይሰጥ። ከየትኛው አደን፣ በየትኛው ቀን፣ ለስንት አባወራ እንደሆነ ይጻፍበት። ሰውን ሌባ የሚያደርገው የሥጋ ጣዕም አይደለም። በጓሮው ያለውን እንስሳ ሩቅ አገር ያለ ሰው ቀንዱን ሲወስድ፣ ጅብ ሥጋውን ሲወስድ፣ እሱ ግን በእጁ ቢገኝ እንደሚታሰር ሲያይ ነው። እንዲህ ያየ ሰው ለምን ብሎ ጫካውን ይጠብቃል? መጥረቢያውን አንሥቶ ገብስ ይዘራበታል እንጂ!

ይሄ ደግሞ ተራ ጉዳይ አይደለም። ኒያላን ክፉኛ ያጠበበው የእርሻና የከብት መስፋፋት ነው። በዓመት በጣት የሚቆጠር ወንድ የሚገድል ጥይት አለ፤ ወንዱንም፣ ሴቷንም፣ ግልገሉንም በአንድ ላይ ቤት የሚያሳጣ ማረሻ አለ። ማረሻውን የያዘው ሰው ደግሞ ያው ሸክም የተሸከመው ሰው ነው። እሱን አስከፍቶ ኒያላን ማዳን ዘበበ።

«ይታገድ» ለሚለው ወዳጄም መልስ አለኝ። እንስሳው በገለልተኛ ባለሙያዎች ይቆጠር። ቁጥሩ አይበቃም ከተባለ አንድም ጥይት አይተኮስ፤ መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። ግን ወንድሜ፣ ማገድ ብቻውን ጥበቃ አይደለም። አደን የቀረበት ጫካ የሚጠብቀው ካጣ የሚገባበት ሌላ ነው፤ መጋዝና ማረሻ ይዞ የሚመጣው ደግሞ ፎቶ አይለጥፍልህም። አንተ የተቆጣኸው ፎቶውን ስላየህ ነው። በማግሥቱ ጅብ ሲበላው የነበረውን 150 ኪሎ ሥጋ ግን አላየኸውም፤ ፎቶ ያነሳው የለማ።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው? አላስካን ተመልከቱ። እዚያ ሙስ የሚባል ከበሬ የሚገዝፍ የአጋዘን ዘመድ ይታደናል። ሕጉ ግልጽ ነው። የሚበላው ሥጋ ሁሉ ከዱር መውጣት አለበት። ቀንዱ ሥጋው ተጠቃሎ እስኪወጣ ከቦታው አይነሣም፤ ቢበዛ ከመጨረሻው ሸክም ጋር ነው የሚወጣው። ሥጋ ጥሎ ቀንድ ይዞ የተገኘ እስራትም የገንዘብ ቅጣትም ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት የአላስካ ብልህ አዳኝ ከመተኮሱ በፊት ሁለት ነገር ያያል፤ እንስሳውንና መንገዱን። «ይህን ከጣልኩት በምን አወጣዋለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ ጣቱን ከምላጩ ላይ ያነሣል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአገሩ ይህን ሕግ አክብሮ ሥጋ በጀርባው ሲሸከም የኖረ አዳኝ እኛ ጋ ሲመጣ ቀንዱን ብቻ ይዞ ቢሄድ ጥፋቱ የማን ነው? ያልጠየቅነው እኛ ነን።

«አላስካ ሀብታም ነው» ካላችሁ ናሚቢያ አለችላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሕጓን አሻሽላ፣ በማኅበር ተደራጅተው የዱር እንስሳ የሚጠብቁ ገጠሬዎች ከእንስሳቱ የመጠቀም መብት እንዲኖራቸው አደረገች። ለአደን የሚከፈለው ገንዘብ ለማኅበሩ ይገባል፤ ሥጋውም ለአባላቱ ይከፋፈላል። አፍሪካ ውስጥ ነው፤ በረሃ ውስጥ ነው፤ እየተሠራ ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አደኑ እስካለ ድረስ አራት ነገር በፈቃዱና በውሉ ላይ ይጻፍ።

አንደኛ፣ ቀንዱ መጨረሻ ይውጣ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ሥጋውን መረከባቸውን ፈርመው ሳያረጋግጡ ቀንዱ ከቀጣናው አይውጣ፤ ከአገርም አይውጣ። ይህች አንዲት ፊርማ መቶ ስብሰባ የማይሠራውን ትሠራለች። ያን ጊዜ ስለ ሥጋው ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ራሱ አዳኙ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ባለ ቢላዋው ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይሂድ። አርሲና ባሌ ነው ያለነው፤ ብዙው ሰው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያንም አለ። ኒያላ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፤ ለሁለቱም የተፈቀደ ሥጋ ነው። የቀረው ነፍሱ ሳትወጣ በሥርዓቱ መታረዱ ነው። የአንገት ቆዳ ተቀደደ ብሎ የሚያለቅስ አዳኝ ካለ ቆዳውን የሚሰፋለት ሰው ይፈልግ። የሰው እምነት ከግድግዳ ጌጥ አያንስም።

ሦስተኛ፣ ተሸካሚና በቅሎ ከመተኮሱ በፊት ይቆጠር። ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ። «ከመንደር ልጆች እንጠራለን» የሚባል ነገር ይቅር።

አራተኛ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወይም ሥጋ በማይወጣበት ገደል ውስጥ አይተኮስ። እንስሳው ከነቀንዱ ይለፍ። ነገም ቀን ነው።

አውቃለሁ፣ ይህን ስል «ስለ ሥጋ ታወራለህ፣ ስለ ነፍስ አታወራም?» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ እኔ ስለ ነፍስ ነው የማወራው። ነፍስ ካጠፋህ ቢያንስ ከንቱ አታድርጋት። ለዚህ እኮ ነው አያቶቻችን በስመ አብ ወይም ቢስሚላህ ሳይሉ ዶሮ እንኳ የማይቆርጡት።

ነገሩን ስናጣራው ደግሞ ከፈረንጁ ይልቅ እኛን ይነካል። ገዳይን የምንወድ ሰዎች ነን። ፎክረንለታል፣ ሸልመነዋል፣ ቅቤ ቀብተነዋል። ግዳዩን ገፍፎ፣ በልቶ፣ ተሸክሞ ወደ ቤት ያመጣውን ግን ማን ፎከረለት? መተኮስ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። የቀረው ቀን ሙሉ ሥራ ነው። እኛ ሰከንዷን አንግሠን ቀኑን ረሳነው።

ከልኳንዳው ስንነሣ ያንን ፎቶ እንደገና አየሁት። በስተግራ ጥጉ ላይ አንድ እጅ አለ፤ የበቅሎ ልጓም ይዟል። ባለቤቱን ፎቶ አንሺው ቆርጦታል። ወዳጄን «ይህ ማን ነው?» አልኩት። «እንጃ፣ አላየሁትም» አለኝ። ከፊታችን የተረፈውን ሥጋ ደግሞ «ጠቅልልልን» ብሎ አስተናጋጁን ጠራ፤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር መሆኑ ነው።

ቸር ይግጠመን።